በሥጋ ውስጥ ያለው አጋጅ፤ የአንጎል ኦፒዮይዶችና የቦረና ጥገት

በገናሌና በዳዋ ወንዞች መካከል የተዘረጋው የሊበን ምድር፣ ማእከሉ የሆነችው ነገሌ ቦረና፣ ከእርሷም ወዲያ ያሉት ያቤሎ፣ ዱብሉክ፣ ሜጋና ሞያሌ፣ ከ2020 መጨረሻ አንሥቶ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ አምስት የዝናም ወራት ተከታትለው ስለ ቀሩባቸው፣ ለብዙ ትውልድ የሀብታቸውና የክብራቸው መሠረት የነበረው የቀንድ ከብት በየሜዳው ሲረግፍ አይተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከእንዲህ ያለ መዓት የተረፈች ላም፣ ዝናሙ ተመልሶ ሣሩ ከለመለመና ጎድኗ በሥጋ መሸፈን ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ ኮርማ ሳትፈልግ ወራት ታስቆጥራለች፤ ጥጃ የምታጠባ ጥገት ከሆነች ደግሞ መዘግየቷ ይበረታል። ይህ ለአርብቶ አደሩ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አባቶቹ ያዩትን እርሱም ያያል፣ መንጋውንም በዚያው ልክ ያስተዳድራል። እንግዳ የሆነው፣ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት በነጭ አይጥ፣ በበግ፣ በላምና በግመል ላይ የተካሄደው ምርምር የዚህን መዘግየት ምሥጢር ከአንጎል ጓዳ ድረስ ገብቶ መግለጥ መጀመሩ ነው። ሥጋ ኦፒዮይድ የሚባሉ፣ እንደ ኦፒየም የሚሠሩ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ራሱ በራሱ ያዘጋጃል፤ በእነርሱም አማካይነት አንዱን ሆርሞን ይለቃል፣ ሌላውን ያግዳል። የዚህ ጽሑፍ አሳብም ይኸው ነው፤ በቦረና ላም ላይ እንደ ጉድለት ሲቆጠር የኖረው ነገር በብዙው ጉድለት ሳይሆን የተፈጥሮ ሥርዓት መሆኑን፣ ስለዚህም ላሟን የሚመዝን ሁሉ መስፈሪያውን ደግሞ ሊመረምር እንደሚገባው ለማስረዳት።

የነገሩ መነሻ ሩቅ ነው። ባራክሎውና ሶየር የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1955 ሞርፊን የተሰጣት እንስት አይጥ በወትሮ ሰዓቷ የዘር እንቁላሏን ሳትለቅ እንደምትቀር አሳይተው ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሞርፊን ከኦፒየም ተክል የሚወጣ ባዕድ መድኃኒት ከመሆን ያለፈ ትርጉም ስላልነበረው፣ ግኝቱ ለሌሎች ጥያቄዎች ማገልገያ ሆኖ ቀረ። በ1973 ካንዴስ ፐርትና ሰሎሞን ስናይደር በባልቲሞር፣ ኤሪክ ሳይመን በኒው ዮርክ፣ ላርስ ቴሬኒየስም በስዊድን ኡፕሳላ፣ ሁሉም በየፊናቸው፣ በአንጎል ውስጥ ኦፒየምን ለይቶ የሚቀበል ቦታ መኖሩን አረጋገጡ። ከዚህ በኋላ ጥያቄው ራሱን በራሱ አቀረበ፤ እንስሳ የኦፒየምን ተክል በዘመኑ ሁሉ ሳያውቀው የሚኖር ሲሆን፣ አንጎሉ መቀበያውን ያዘጋጀው ለማን ነው?

መልሱ የመጣው ከስኮትላንድ፣ ከአበርዲን ከተማ ነው። ጆን ሂውዝና ሃንስ ኮስተርሊትስ ከጊኒ ፒግ አንጀት የተቆረጠች ቀጭን ጅማት ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ አንጠልጥለው፣ በኤሌክትሪክ ንዝረት እንድትኮማተርና እንድትፈታ አድርገው፣ እያንዳንዱን መኮማተሯን ከእርሷ ጋር የታሰረው ብዕር በወረቀት ላይ እንዲጽፍ አደረጉ። በዚያ ውኃ ላይ ከአሳማ አንጎል ያጣሩትን ፈሳሽ ጠብ ሲያደርጉ ጅማቷ ትዝላለች፣ ብዕሩም ዝቅ ይላል፤ የሞርፊን ማርከሻ የሆነውን ናሎክሶንን ሲጨምሩ ደግሞ መኮማተሯ ይመለሳል። ማርከሻው ከሠራ፣ ፈሳሹ ውስጥ ያለው ነገር የሞርፊን ዘመድ መሆኑ ተመሰከረ። በ1975 መጨረሻ ያወጡት ጽሑፍ ኢንኬፋሊን ያሏቸውን ሁለት ፔፕታይዶች ለዓለም አስታወቀ፤ ሁለቱም ከአምስት አምስት አሚኖ አሲዶች የተሠሩ ናቸው፣ የሚለያዩትም በመጨረሻዋ በአንዷ ብቻ ነው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ የቆላውን ሰው ይበልጥ የሚነካው ክፍል ግን የግመሉ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ይሠራ የነበረው ሊቅ ቾ ሃኦ ሊ ከዓመታት በፊት ከበግ ፒቱታሪ ዕጢ ቤታ ሊፖትሮፒን የተባለ ንጥረ ነገር አውጥቶ ነበርና፣ ያንኑ በግመል ዘንድ ሊፈልገው አስቦ ከኢራቅ የመጡ የግመል ዕጢዎችን መረመረ። የፈለገውን አላገኘም፤ በምትኩ ሠላሳ አንድ አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ከእርሱ ግንድ የተቆረጠ የሚመስል አጭር ፔፕታይድ አገኘ። ይህን ግኝት ከዴቪድ ቹንግ ጋር በ1976 ሲያትም፣ የፔፕታይዱ የመጀመሪያዎቹ አምስት አሚኖ አሲዶች ከአበርዲኑ ኢንኬፋሊን ጋር አንድ መሆናቸው ታወቀ፤ ኃይሉም ከሞርፊን የሚበልጥ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ቤታ ኢንዶርፊን የምንለው ይህ ነው። እንግዲህ በዓለም የሕክምና መጻሕፍት ሁሉ ስሙ የሚጠራው ንጥረ ነገር መጀመሪያ ተጣርቶ የታየው በባለ አንድ ሻኛ ግመል ራስ ውስጥ ነው፤ ሶማሌውና ገብራው ከጥንት ጀምሮ፣ ቦረናውም ድርቁ በተደጋገመበት በዚህ ዘመን እየጨመረ በሚያረባው በዚያው እንስሳ ራስ ውስጥ። ከሦስት ዓመት በኋላም በ1979 ናካኒሺና ባልደረቦቹ በጃፓን ከላም ዕጢ በተወሰደ ቅጂ ላይ ተመሥርተው፣ ቤታ ኢንዶርፊንና በመከራ ጊዜ የሚፈሰው አድሬናል አነቃቂው ሆርሞን ከአንድ ትልቅ እናት ፕሮቲን እንደሚቆረጡ አሳዩ። ኢንዶርፊንና የጭንቅ ሆርሞን የአንድ እናት ልጆች መሆናቸው ቀጥሎ ለሚመጣው ነገር ሁሉ መሠረት ስለሆነ፣ አንባቢ ይህን በልቡናው ቢያኖር መልካም ነው።

ኦፒዮይዶቹ ሆርሞንን እንዴት እንደሚያዝዙ ለመረዳት በዱብሉክ ወይም በሌላው የቱላ ጉድጓድ አፋፍ ላይ መቆም ይበቃል። ከጥልቁ ውስጥ ያለው ሰው ባልዲውን ሞልቶ ከበላዩ ላለው ያቀብላል፣ እርሱም ለሌላው፣ በዜማ እየተቀባበሉ ውኃው ከብት ወደሚጠጣበት ገንዳ ይደርሳል። የመራቢያ ሥርዓትም እንዲሁ ነው። ከሁሉ በታች ባለው ስፍራ፣ ሃይፖታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል፣ ያሉ ጥቂት ሕዋሳት በየጊዜው አንድ ትእዛዝ አስተላላፊ ሆርሞን ይረጫሉ፤ ፒቱታሪ ዕጢ ያንን ተቀብሎ ኤል ኤች የሚባለውን ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል፤ ኤል ኤች ደግሞ እንቁላል አቃፊውን ቀስቅሶ ላሟ ኮርማ እንድትፈልግና እንቁላሏን እንድትለቅ ያደርጋል። ኢንዶርፊን የሚሠራው ገንዳውን በመድፈን ወይም መካከል ያለውን ሰው በማስነፍ አይደለም፤ በዋናው የሚይዘው ከጥልቁ ያለውን የመጀመሪያውን ሰው እጅ ነው። ለዚህም ማስረጃው፣ ትእዛዝ አስተላላፊው ሆርሞን ከውጭ በመርፌ ሲሰጥ ዕጢው ኤል ኤች ለመልቀቅ የማይቸገር መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ በ1977 በአንድ ጊዜ ግልጽ ሆነ ማለት ይቻላል። በሚሺጋን የጆሴፍ ማይትስ ቡድን ሞርፊንንና ኢንኬፋሊንን ለአይጦች ሲሰጥ፣ ወተት አዘጋጁ ፕሮላክቲንና የዕድገት ሆርሞን በደማቸው ውስጥ ከፍ ሲሉ ኤል ኤች ዝቅ አለ፤ ናሎክሶን ብቻውን ሲሰጥ ደግሞ ተገላቢጦሹ ሆነ፣ ኤል ኤች ወጣ፣ ፕሮላክቲንና የዕድገት ሆርሞን ወረዱ። ከሁለቱ ታላቁ ምስክር ሁለተኛው ነው። ምንም ሞርፊን ባልተሰጠው እንስሳ ላይ ማርከሻው ብቻውን ሆርሞኑን ካስነሣ፣ እንስሳው በራሱ ሥጋ ኦፒዮይድ አስቀድሞ ታግዶ ነበር ማለት ነውና። በዚያው ዓመት በካሊፎርኒያ የሮጀር ጊየማን ቡድን አይጦች ድንገተኛ ጭንቅ ሲደርስባቸው ፒቱታሪ ዕጢያቸው ኢንዶርፊንንና አድሬናል አነቃቂውን ሆርሞን አብሮ እንደሚለቅ አስታወቀ። ጊየማን በዚሁ ዓመት ከአንድሩ ሻሊና ከሮዛሊን ያሎ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ ያሎ የተሸለመችበት ሆርሞንን በደም ውስጥ በጥቃቅን መጠን የመለካት ብልሃት ባይኖር ኖሮ፣ እነዚህ የ1977 ፈተናዎች ባልተቻሉ ነበር።

ስለ ወተት መውረድም ጥቂት ማለት ይገባል፤ የቦረና ሴት ጎሕ ሲቀድ ጥጃውን ከማደሪያው አውጥታ፣ ለጥቂት ጊዜ አስጠብታ፣ ጡቱ ሲያጋት ጥጃውን ወደ ጎን አድርጋ የምታልበው ወተቱ እንዲወርድላት ነው። ወተቱን የሚያወርደው ኦክሲቶሲን ከአንጎል የሚለቀቅ ሆርሞን ስለሆነ፣ በሚያጠቡ አይጦች ላይ በ1979 የታተመ ፈተና ሞርፊን ወተቱን እንደሚከለክልና የሚከለክለውም ጡቱን በማስነፍ ሳይሆን ኦክሲቶሲን ከነርቮቹ ጫፍ እንዳይፈስ በማድረግ መሆኑን ገልጧል። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው፣ በባዕድ ስፍራ ወይም በባዕድ እጅ የምትታለብ ላም ወተቷን የምትይዘው በኢንዶርፊን ነው ብለው ደመደሙ። በኋላ ግን በላሞች ላይ ሲፈተን፣ ሞርፊን ኦክሲቶሲንን ማገዱ ቢረጋገጥም፣ በባዕድ ስፍራ የታለበችው ላም ናሎክሶን ተሰጥቷትም ወተቷን አልለቀቀችም። ስለዚህ የአይጥን ሕግ ለላም እንዲያው አንሥቶ መስጠት እንደማይገባ ይህ አንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ በቤተ ሙከራ የተገኘውን ሁሉ ያለ ፈተና ወደ በረት ለማውረድ ለሚቸኩሉ ሰዎች ማስታወሻ ይሁን።

በኤል ኤች ጉዳይ ግን ላሟ ራሷ ተመርምራለች። በ1986 በአሜሪካ በሚያጠቡ የሥጋ ላሞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከወለዱ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ናሎክሶን ሲሰጣቸው ኤል ኤች ከፍ እንደሚል አሳየ፤ በሚያጠቡ በጎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጥጃ ማጥባት በአንጎል ውስጥ ኦፒዮይድን ይቀሰቅሳል፣ ኦፒዮይዱም የእርባታን ትእዛዝ ያዘገያል። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው የቴክሳሱ ጋሪ ዊልያምስና ባልደረቦቹ የደረሱበት ነው። የጡቱ ነርቮች ቢቆረጡም እንኳ ላሟ ጥጃዋ አብሯት እስካለ ድረስ ኮርማ ከመፈለግ ትዘገያለች፤ የሌላ ላም ጥጃ ቢጠባት ግን መዘግየቱ አይጸናም፤ የራሷ መሆኑን በዓይኗ ወይም በአፍንጫዋ ስታውቅ ብቻ እገዳው ይሠራል። ስለዚህ ያገዳት የጡቷ መጠባት ብቻ አይደለም፤ እናትነቷ ነው። የቦረና ቤተሰብ ጥጃውን ቀን ከእናቱ ለይቶ ካሎ በሚባለው ለጥጆችና ለደካሞች በታጠረ ግጦሽ ሲያሰማራ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ ሲያገናኛቸው፣ ዋና ዓላማው ወተቱን በጥጃውና በልጆቹ መካከል መካፈል ቢሆንም፣ ሳያስበው የእናቲቱንም አንጎል ከዚህ እገዳ በከፊል ያሳርፈዋል። በዓለም ያሉ የእርባታ ሊቃውንት ጥጃን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ማጥባት የሚሉት ምክር ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ምክሩ ለቦረና እንደ አዲስ ትምህርት ሊቀርብ አይገባም።

የኋለኛው ዘመን ምርምር ደግሞ እገዳው የሚፈጸምበትን ስፍራ አጥብቦ አሳይቷል። ሮበርት ጉድማን፣ ማይክል ሌማንና ባልደረቦቻቸው በበግ አንጎል ላይ ባደረጉት ሥራ፣ በ2004 ዳይኖርፊን የተባለው ሌላው ኦፒዮይድ ፕሮጄስቴሮን የተባለው የእንስት ሆርሞን ኤል ኤችን ለሚያግድበት መንገድ ዋና አገልጋይ መሆኑን፣ በ2007 ደግሞ አንድ ዓይነት ሕዋስ ኪስፔፕቲንን፣ ኒውሮኪኒን ቢንና ዳይኖርፊንን አንድ ላይ ይዞ እንደሚገኝ አስረዱ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትእዛዙን ያስነሣሉ፤ ዳይኖርፊን ያስቆማል። በፍየሎች ላይ የተደረጉ የጃፓን ጥናቶችም ይህንኑ አጸኑ። ቀስቃሹና አጋጁ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ አብረው መኖራቸው፣ ትእዛዙ ያለማቋረጥ ሳይሆን በየጊዜው ተረጭቶ የሚያርፍ የሆነበትን ምክንያት ገለጠ። አጋጁ ለሥርዓቱ ጠላት ሆኖ የገባ አይደለም፤ የሥርዓቱ አካል ነው።

ወደ ድርቁ ስንመለስ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ረኃብ ኤል ኤችን እንደሚያወርድ ጥርጥር የለውም፤ የሚያወርደው በኦፒዮይድ ነው ወይ ለሚለው ግን ፈተናዎቹ በአንድ ቃል አይመልሱም፤ ምግብ በተቀነሰባቸው የበግ ጠቦቶች ላይ ናሎክሶን አንዳንድ ጊዜ ኤል ኤችን ሲመልስ አንዳንድ ጊዜ ምንም አያደርግም። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማን የስብ ሕዋሳት የሚልኩትን ሌፕቲንን ካገኘ፣ በ1996ም ጾም ባዳከማቸው አይጦች ላይ ሌፕቲን የመራቢያ ሆርሞኖችን እንደሚያነሣ ከታየ በኋላ፣ ስብ ያለቀበት ሥጋ ለአንጎል የሚልከው ወሬ ከኦፒዮይድ ሌላ መንገድም እንዳለው ታውቋል። ስለዚህ የከሳች ጥገት ሁለት እገዳ ተደራርቦባታል ማለት ይቻላል፤ አንዱ ከጥጃዋ፣ ሌላው ከባዶ ጎድኗ። ናሎክሶን መርፌ ይዞ ወደ ያቤሎ መውረድ እንደ መድኃኒት የማይቆጠረውም በዚህ ነው፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ላሟን የራባትም ሣር እንጂ ማርከሻ አይደለም። የመከራ ዘመን አልፎ እስኪረጋጋ ድረስ ሥጋ ሌላ ነፍስ ለመሸከም እሺ ማለትን መከልከሉ፣ ላሟን ከነጽንሷ ከመሞት የሚያድን የተፈጥሮ ምሕረት ነው።

በዚህ ላይ ቆሜ ነው የልማት ሹማምንትንና የእንስሳት ባለሙያዎችን አሳብ የምጠይቀው። ኢልካ በሚል አጭር ስም የታወቀው የአፍሪካ የእንስሳት ማእከል በ1974 በኢትዮጵያ ከተቋቋመ ወዲህ በቦረና ላይ ብዙ ተደክሟል፤ የሙካሳ ሙገርዋ የ1989 ጥናት ስለ ዜቡ ላሞች እርባታ፣ የሌይን ኮፖክ የ1994 ታላቅ መጽሐፍም ስለ ቦረና ደጋማ ሜዳ ሰፊ እውቀት ሰብስበዋል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ጥናቶች ወደ ቢሮ ሪፖርት የሚሻገረው በአብዛኛው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ ከአንዱ ጥጃ እስከ ሁለተኛው ያለው ጊዜ ረጅም ነው፣ ስለዚህ የቦረና ላም ምርታማነቷ ዝቅተኛ ነው የሚል። ይህ ፍርድ ትክክል አይደለም። ኮፖክ ራሱ መንጋው በዝናም ዘመን እንደሚበዛ፣ በድርቅ ዘመን ደግሞ እንደሚሰበር በግልጽ ጽፏል፤ እንዲህ ባለ ምድር ላይ በየዓመቱ የምትወልድ ላም የምትመሰገንበት ዓመት ጥቂት፣ የምትሞትበት ዓመት ብዙ በሆነ ነበር። በችጋር ዓመት የምትቆጥብ፣ በጥጋብ ዓመት የምትከፍል ላም ለሊበን ተስማሚ ናት፤ የኬንያ ከብት አርቢዎች ወስደው ያሻሻሉት፣ ከእነርሱም ወደ አውስትራሊያና ወደ ደቡብ አፍሪካ የተሻገረው የቦራን ዝርያ ዝናው የተገኘው ከዚህ ጽናት ነው።

በአንጻሩ ግን የሚታረም ነገር የለም ማለቴ አይደለም። ተፈጥሮ ያኖረችው እገዳና ሰው በእጁ የሚጨምረው ጭንቅ የተለያዩ ናቸው። ከነገሌና ከሐሮባቄ ገበያ በጭነት መኪና ተጨናንቆ፣ ውኃ ሳይቀምስ፣ በአዳማ አካባቢ ወዳሉት ማድለቢያዎች የሚጓዘው ወይፈን፣ የጊየማን አይጦች ያሳዩትን የመከራ ሆርሞኖች ሁሉ በደሙ ውስጥ ይዞ እንደሚደርስ ለመገመት ነቢይነት አያስፈልግም፤ ይህን ማቅለል ሳይንስ ሳይሆን ሕሊና የሚጠይቀው ጉዳይ ነው። ዝናሙ ሲጠፋ ጥጃውን ቀድሞ ጡት ማስጣል፣ ለጥገቶች ድርቆሽ ማስቀመጥ፣ ካሎውን ከእርሻና ከግል አጥር መጠበቅም በሰው እጅ ያለ ነው፤ የእነዚህ ሁሉ ጥቅም ከላይ በተተነተነው የአንጎል ሥርዓት በኩል ያልፋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ፣ በዚህ ረጅም የምርምር ታሪክ ውስጥ የኢራቅ ግመል፣ የአሜሪካ ላምና በግ፣ የጃፓንም ፍየል ሲመሰክሩ፣ የቦረና ላም ግን በገዛ ምድሯ ደሟን ወስዶ ሆርሞኗን ከወር እስከ ወር፣ ከዝናም እስከ ድርቅ የተከታተለ ጥናት በሚገባት መጠን አለመደረጉ ነው። ለዚህ የሚሆን መሠረት የለም አይባልም። በያቤሎ የአርብቶ አደርና የደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማእከል አለ፤ የዲዳ ቱዩራ የቦረና ዝርያ ማሻሻያ ጣቢያም አለ፤ በ1979 የተቋቋመውና የእንስሳት ሐኪሞችን የሚያፈራው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅም በቢሾፍቱ አለ። የሚያስፈልገው በቆላው ውስጥ የደም ናሙና የሚቀዘቅዝበትና ሆርሞን የሚለካበት አንድ አስተማማኝ ቤተ ሙከራ፣ ወራ የሚባለውን የቤት መንጋና ፎራ የሚባለውን የሩቅ መንጋ ለብዙ ዓመታት የሚከታተሉ ታጋሽ ሰዎች፣ ከሁሉም ጋር የአርብቶ አደሩን ምስክርነት እንደ እውቀት የሚመዘግብ ልብ ነው። እነዚህን ተቋማት የሚመሩ ሁሉ፣ የሚቀጥለው ድርቅ ከመድረሱ በፊት ይህን ሥራ እንዲጀምሩ እለምናለሁ።